የሚሽከረከር መደርደሪያ፣ የሚንጠለጠል ማኅደር



የዛሬ ንግግሬ ስለ መጻሕፍት ይዘት ሳይሆን ስለ ማደሪያቸው ነው። አንባቢው አንድ፣ መጻሕፍቱ ብዙ ሲሆኑ ማን ወደ ማን ይሂድ? የቻይና ትውፊት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ544 ፉ ሺ የተባለ የቡድሃ እምነት ሊቅ ቅዱሳት መጻሕፍቱን በምሰሶ ዙሪያ በሚሽከረከር ሣጥን አኖረ። በ1588 ጣሊያናዊው መሐንዲስ አጎስቲኖ ራሜሊ አንባቢው ከወንበሩ ሳይነሣ መጻሕፍትን በየተራ የሚያቀርብለት መንኰራኵር ነደፈ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሜሪካዊው ጆን ዳነር ተሽከርካሪ መደርደሪያ እያመረተ ሸጠ። የቻይናዎቹ ጥንታዊ ሣጥኖች ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እንጨት ይነቅዛል፣ ይቃጠላል፤ ክብደቱን ሁሉ የተሸከመው ምሰሶም ይደክማል።

ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ ይፋት ቆላ ስንወርድ ጥያቄው ያው ነው፤ መልሱ ግን ይለያል። በእኛ አገር መደርደሪያው አልተሽከረከረም፤ ተጓዡ መጽሐፉ ራሱ ሆነ። ብራናው በልኩ በተሰፋ የቆዳ ማኅደር ይገባና በጠፍር ከግድግዳ ይሰቀላል፤ ከምስጥ፣ ከአይጥና ከመሬት እርጥበት ይርቃል። መንገድ ሲመጣ ያው ጠፍር ትከሻ ላይ ይውላል። በደጋው የቆሎ ተማሪ፣ በቆላው ደረሳ መምህር ፍለጋ አገር ያቋርጡ ነበርና ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሐረር ቁርኣኖችም የቆዳ ማኅደር እንደነበራቸው ልብ ይሏል።

የራሜሊ መንኰራኵር ብዙ መጻሕፍትን ገልጦ ለሚያነጻጽር ሰው የታሰበ ነበር። የእኛ ሊቃውንት ግን፣ ካህኑም ሼሁም፣ የሚያነጻጽሩትን አብዛኛውን በቃላቸው ይዘውት ነበር። በእኔ አስተያየት መንኰራኵሩ ያላስፈለገን በድህነት ብቻ አይደለም።

ሥጋቴ ሌላ ነው። በይፋት በኖራና በአስበሪ የተገኙት የመስጊድ ፍርስራሾች የመካከለኛው ዘመን ከተሞችን ይመሰክራሉ፤ ድንጋይ ቆይቷል፤ ቆዳና እንጨት ግን በዚያ ሙቀት ከምስጥ ጋር ዘመን መሻገር ይከብዳቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በሺህ የሚቆጠሩ የአገራችን ብራናዎች በማይክሮፊልም ተቀርጸዋል፤ ታላቅ ሥራ ነው። ፊልሙ የሚያስቀረው ግን ገጹን ነው። የጠፍሩ መሳሳት መጽሐፉ ስንት ጊዜ ከግድግዳ እንደወረደ፣ የማኅደሩ ጥጋጥግ መላላጥ ምን ያህል መንገድ እንደሄደ ይናገራል። ስለዚህ ለመስክ ሥራ የምትወጡ ተማሪዎች የብራናውን ቅጠል ከመቁጠራችሁ በፊት ማኅደሩን ለኩ፤ የተሰቀለበትንም ችካል ሳይቀር መዝግቡ።