ስለ ውርደት ቃል፤ ሐይቅና አምባሰል የሚያስተምሩን

ክብርና ውርደት በሰው አፍ ዘወትር የሚነገሩ ቃላት ናቸው፤ ነገር ግን ምሥጢራቸውን መርምሮ የሚናገር ጥቂት ነው። ስለዚህ ደብራችን ኢዮቤልዩውን በሚያከብርበት በዚህ ወራት፥ ውርደት ማለት ምን እንደ ሆነ፥ አገራችንም በታሪኳ ስለ እርሱ የምታስተምረውን በአጭሩ ለመጻፍ ወደድን።

ውርደት ወረደ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፤ ከላይ ወደ ታች መምጣትን ያሳያል። የሚቀርቡት ቃላት አሉ፤ ግን አንድ አይደሉም። ነውር በአካል ወይም በሥራ ላይ ያለ ጉድለት ነው፤ በኦሪት ለመሥዋዕት የሚቀርበው በግ ነውር የሌለበት ይሁን ተብሎ መታዘዙም ስለዚህ ነው። ኀፍረት ነውሩን ያወቀ ሰው በልቡ የሚሰማው ነው። ውርደት ግን የሰው ማዕርግ በሌሎች ፊት ዝቅ ማለቱ ነው። እንግዲህ ነውር ሳይሠራ የሚዋረድ አለ፤ ነውር ሠርቶም የሚከበር አለ።

ደግሞም መውረድ ሁሉ ውርደት አይደለም። ዝናም ሲወርድ በረከት ነው፤ ጀግኖች ውረድ እንውረድ ሲባባሉ የወረደው ይመሰገናል፤ በከተራ ዕለት ታቦት ወደ ውኃ ሲወርድ ሕዝቡ በእልልታ ያጅበዋል። የሃይማኖታችንም መሠረት ወልደ እግዚአብሔር ስለ እኛ መውረዱ ነው።

ይህን ነገር የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በሥራ አሳይቶናል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ዘንድ ከመነኰሱ በኋላ፥ በ13ኛው መቶ ዓመት ወደ ሐይቅ መጥተው ገዳሙን በትምህርትና በመጻሕፍት አቀኑት። ወደ ገዳም የሚገባ ረድእ የትልቅ ሰው ልጅ ቢሆን እንኳ ውኃ መቅዳት፥ እንጨት መልቀም፥ አባቶችን ማገልገል ግዴታው ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ወደዚህ ገዳም መጥተው ደቀ መዝሙር ሆነው ታዘዋል። ይህን መውረድ ትሕትና አሉት እንጂ ውርደት ያለው የለም። ከዚህም ዝቅታ ታላቅ ማዕርግ ወጣ፤ የሐይቅ አበምኔት ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በነገሥታት አደባባይ ከታላላቆች አንዱ ሆነ።

ከሐይቅ ወደ ግሼን አምባ ብንወጣ ነገሩ ይልቁን ይደንቃል። በዚያ የነገሥታት ልጆች በዙፋን እንዳይሻሙ ተጠብቀው ይኖሩ ነበር፤ ልማዱም በ16ኛው መቶ ዓመት የግራኝ አሕመድ ሠራዊት አምባውን እስኪይዝ ድረስ ቆየ። ወደ ግሼን የወጣ ከመንግሥት ተለየ፤ ከግሼን የወረደ ነገሠ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1426 ዓ.ም. የነገሡት ከዚያ ወርደው ነው። በዘመናቸውም ግማደ መስቀሉ ወደ አምባው ወጣ። መስቀል በሮማውያን ዘንድ ባሪያና ወንበዴ የሚሰቀልበት የውርደት መጨረሻ ነበረ፤ ዛሬ ግን መስከረም 21 ቀን ሕዝብ ያን ተራራ እየወጣ በዓሉን ያከብራል።

እንግዲህ እውነተኛው ውርደት ምንድር ነው? የዚህን መልስ በዚያው በአምባሰል በውጫሌ እናገኛለን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከኢጣልያ መልእክተኛ ከኮንት አንቶኔሊ ጋር በውጫሌ ውል ተዋዋሉ። 17ኛው ክፍል በአማርኛው፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከኤውሮጳ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣልያንኛው ግን እንዲህ ለማድረግ እንደ ተስማሙና እንደ ታሰሩበት አድርጎ ጻፈው። በአንድ ቃል ነጻ መንግሥት በሌላ ጥበቃ ሥር ወረደ፤ ኢጣልያም በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ይህንኑ ለኤውሮጳ መንግሥታት አስታወቀች።

ውርደት ማለት ይህ ነው፤ ሰው ራሱን ዝቅ ሲያደርግ ሳይሆን፥ ሳይወድና ሳያውቅ ሌላው በሐሰት ሲያወርደው። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ነገሩን ባወቁ ጊዜ እንቢ አሉ። ውሉ በ1885 ዓ.ም. ፈረሰ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ሆነ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የሰላም ውል የውጫሌው ጨርሶ ተሻረ። ኀፍረቱም ቃሉን ላጣመመው ተመለሰ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ስንሰማ ደስ ይለናል፤ ነገር ግን ወደ ራሳችንም እንመልከት። ሸክላ ሠሪዋን፥ ብረት ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውን፥ ቆዳ የሚያለፋውን፥ አንዳች ነውር ሳያገኙባቸው በስድብ ስም እየጠሩ ማዋረድ በአገራችን የኖረ ልማድ ነው። በጀበናዋ ቡና እንጠጣለን፤ በማረሻው እናርሳለን፤ በሸማው አጊጠን ቤተ ክርስቲያን እንስማለን፤ ሠሪውን ግን እንንቃለን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ምላስ ግን ከዐዋጅ ይልቅ ለልማድ ይታዘዛል። በሐሰት ቃል ሌላውን ማውረድ የውጫሌው ሥራ ነው፤ በእኛ ላይ ሲደረግ የጠላነውን በወንድማችን ላይ ብናደርገው በምን እንጸድቃለን?

በኦሪት ኢዮቤልዩ 50ኛው ዓመት ነው፤ በዚያ ዓመት መለከት ይነፋል፥ በባርነት ያለ ነጻ ይወጣል፥ የተሸጠ ርስት ለባለቤቱ ይመለሳል። የሰው ክብርም ርስቱ ነው። የደብራችን ኢዮቤልዩ በከበሮና በእልልታ ብቻ እንዳያልፍ፥ ባለ እጁ ከሰንበቴያችን መደብ ከሌላው ጋር ይቀመጥ፤ የማኅበሩን ጽዋም በተራው ያንሣ። እርሱን ለማስቀመጥ ከመደቡ ዝቅ የሚል ሰው ቢኖር፥ ያ ሰው ወረደ እንጂ አልተዋረደም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።