ወንጌል ወደ ቦጂ የገባበት መንገድ

በአገራችን ወንጌላውያን መካከል «የፈረንጅ ሃይማኖት ተከታይ» መባልን ያልቀመሰ ጥቂት ነው። በተለይ ከወለጋ የመጡ ወንድሞችና እህቶች «አያቶቻችሁን የሰበኳቸው ስዊድኖች አይደሉም ወይ?» ሲባሉ መልስ ሲያጥራቸው አይተናል። እኛም ብንሆን እንዲሁ ነበርን። የምዕራብ ወለጋን የጥንት ታሪክና የከተሞቿን አነሣሥ ቀረብ ብለን ስናየው ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘነው። ዛሬ ያንኑ ልናካፍላችሁ ወደድን። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዘመን ወለጋ ጠረፍ ነበር። በ1882 በእምባቦ ጦርነት የሸዋው ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል ካደረገ በኋላ፣ የሌቃ ነቀምቴው ሞረዳ በከሬ ለምኒልክ ገብተው ግዛታቸውን ይዘው ቆዩ። በ1888 ደግሞ ከሱዳን የዘለቀው የመሐዲስት ጦር በጉቴ ዲሊ ተመታ። ሞረዳ በ1889 ሲሞቱ ልጃቸው ኩምሳ ተተኩ፤ እኚህ ክርስትና ተነሥተው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር የተባሉት ናቸው። የኩምሳ መቀመጫ ነቀምቴ እየሰፋች ሄደች። ወርቁ፣ ቡናው፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ ወደ ገበያ ይጎርፍ ጀመር። ወታደሩም ነጋዴውም ካህኑም ተከትሎ መጣ።

ከዕቃው ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ይህን ሸፋፍነን ማለፍ አንወድም። ሻጩም ገዢውም ሁልጊዜ ከሩቅ የመጣ ባዕድ አልነበረምና።

በኢሉባቦር ሁሩሙ አጠገብ የተወለደ አንድ ልጅ ነበር፤ ሂካ ይባላል። አባቱ የሞተው እሱ ገና የአራት ዓመት ሕፃን ሳለ ነው። ኋላም የባሪያ ፈንጋዮች ሰረቁት፤ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። በ1870 በዚያ የፈረንሳይ ቆንስል የነበረው ስዊሳዊው ሙንዚንገር ነፃ አወጣውና ለስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። በ1872 የትንሣኤ ዕለት ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ። ወደ ፊልሞና የተጻፈችውን መልእክት ያነበበ ሰው ስሙ ለምን እንደ ተመረጠ አይጠፋውም። የሚገርመን ግን የቀድሞ ስሙ ነው። ሂካ በኦሮምኛ መፍታትንም መተርጐምንም ያመለክታል፤ በአማርኛም «እስረኛ ፈታ»፣ «ሕልም ፈታ» እንደምንለው። እናቱና አባቱ ይህን ስም ሲያወጡ የሚመጣውን ከየት ያውቁታል!

ኦነሲሞስ ስዊድን ሄደው አምስት ዓመት ተምረው በ1881 ተመለሱ። ምሕረት ኃይሉን አገቡ፤ ወዲያውም ወደ ወገኖቻቸው ለመግባት መንገድ ጀመሩ። ዐፄ ዮሐንስ ሚሲዮናውያንን ስለ ከለከሉ የመረጡት በሱዳን በኩል መዞርን ነበር። ብዙም ሳይዘልቁ ሕመም በረታባቸው፤ የጉዞው መሪ ስዊድናዊው አሬኒየስ ሞቱ፤ ኦነሲሞስም ታመው በ1882 ካርቱም ተመለሱ። ቆየት ብለው ደግሞ በታጁራ በኩል ሞከሩ። እስከ እንጦጦ ደረሱ፤ ከዚያ ወዲያ ግን የሚያልፉበት ፈቃድ አልተገኘም። ሁለት ጊዜ ወጥተው ሁለት ጊዜ ባዶ እጃቸውን ወደ ምጽዋ፣ ወደ እምኩሉ ተመለሱ። ስንቶቻችን ነን በሁለተኛው «የጌታ ፈቃድ አይደለም» ብለን የምንተወው?

እሳቸው አገራቸው መግባት ሲያቅታቸው ለአገራቸው መጽሐፍ ማዘጋጀቱን ያዙ። እዚህ ላይ ሌላ ችግር ገጠማቸው። በልጅነታቸው የተሰረቁ ሰው ስለሆኑ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በባዕድ አገር ሳስቶባቸዋል። ወንጌልን ለገበሬና ለእረኛ በሚገባ ኦሮምኛ ለመጻፍ የቃል ሀብት ያስፈልጋል፤ ያም የተገኘው ከአስቴር ገኖ ነው።

አስቴር ነፃ ተወልዳ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ ያደረጋት ልጅ ነበረች። በ1886 ቀይ ባሕርን አሻግረው ወደ ዓረብ አገር ሊሸጧት ሲወስዷት የኢጣሊያ መርከብ ጀልባውን ያዘ፤ እሷም እምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። ይህች ልጅ በሺዎች የሚቆጠሩ የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰበች። ተረቱን፣ ምሳሌውን፣ እንቆቅልሹን፣ ዘፈኑን ሁሉ ከትዝታዋ እያወጣች ጻፈች። ከባርነት አገሯ አንዲት ጨርቅ እንኳ ይዛ አልወጣችም ይሆናል፤ ቋንቋውን ግን ማንም አልቀማትም። አዲስ ኪዳን በ1893 እዚያው እምኩሉ ታተመ። የሁለቱ የንባብ መጽሐፍ በ1894 ተከተለ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በስዊስ አገር በቅድስት ክሪሾና ከማተሚያ ቤት ወጣ፤ ፊደሉ ይህን የምታነቡበት የግዕዝ ፊደል ነው። በሽፋኑ የሚነሣው የኦነሲሞስ ስም ነው። የአስቴር ድርሻ ከዚያ ብዙ ይበልጣል ብለን እናምናለን፤ በየመድረኩ ግን ስሟን ስንጠራ አንሰማም።

መጽሐፉ ወደ ወለጋ የገባው ማንም ባላቀደው በኩል ነው። ገብረ ኤዎስጣቴዎስ ዘሚካኤል የሐማሴን ሰው፣ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበሩ። በ1898 ከባልንጀራቸው ከዳንኤልና ከቤተሰባቸው ጋር ቦጂ ደረሱ። የቦጂ ሰዎች ተቀበሏቸው፤ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያንም አገለገሉ። ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው ሲነበብለት ሰማ። ልብ በሉ፤ አዲስ ቤተ ክርስቲያን አልተከሉም፤ ቀዳሽ ካህን ሆነው ነው ወንጌልን በኦሮምኛ ያነበቡት። እኛ ዛሬ በቀላሉ «እነሱ» እና «እኛ» እያልን የምንከፋፍለው ነገር በቦጂ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ተቀላቅሎ ነበር። ቄስ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በ1905 በእሳት አደጋ አረፉ።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1904፣ ኦነሲሞስና አስቴር ወለጋ ገብተው ነበር። ኦነሲሞስ በባርነት ከወጡ ከሠላሳ ዓመት በላይ መሆኑ ነው። መጀመሪያ ቦጂ፣ ቀጥሎ ነቀምቴ ተቀመጡ። ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው፤ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በኦሮምኛ መስበካቸው ግን ቅሬታ አስነሣ፤ ተከሰሱ። በ1906 አቡነ ማቴዎስ ፈረዱባቸው። ዐፄ ምኒልክ ፍርዱን አቀለሉና ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ፣ ዳግመኛ ግን እንዳይሰብኩ አዘዙ። በሕይወታቸው ሙሉ የናፈቁት አገር ከገቡ በኋላ አፋቸው ተለጐመ። አሥር ዓመት ልጆች ፊደል ሲያስቆጥሩ ኖሩ። የስብከት ፈቃድ ያገኙት በ1916 ከልጅ ኢያሱ ነው። በ1931 እስኪያርፉ ድረስ በነቀምቴ አገለገሉ።

እንግዲህ ስዊድናዊው ሐኪም ሶደርስትሮም ነቀምቴ የደረሱት በ1923 ነው። ወደ ደቡቡ ምዕራብ፣ በሰዮ፣ ዛሬ ደምቢ ዶሎ በምንላት ከተማ፣ አሜሪካዊው ዶክተር ላምቢ በጋምቤላ በኩል የገቡት በ1919 ነው። የቦጂ ሰው ወንጌልን በቋንቋው ሲሰማ ሁለቱም ገና አልመጡም። የስዊድኖችን ውለታ አንክድም፤ ማተሚያውን፣ ትምህርት ቤቱን፣ ገንዘቡን እነሱ ሰጥተዋል፤ ከእነሱም በመንገድ የሞቱ አሉ። ቃሉን ተሸክሞ ወለጋ የገባው ግን ሐማሴናዊ ቄስና ከባርነት የተፈቱ ሰዎች ናቸው።

ስለ ደምቢ ዶሎና ስለ ዓይነ ስውሩ ሰባኪ ስለ ቄስ ጊዳዳ ሶለን፣ በጣሊያን ጊዜም ሚሲዮናውያኑ ሲባረሩ ምእመናኑ እንዴት እንደ ቆዩ፣ ጌታ ቢፈቅድ ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።