ከኮቪድ 19 ካገገሙ በኋላ የሚያጋጥም ጭንቀትና የልብ ጤና

ኮቪድ 19 በኢትዮጵያ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገኘ ወዲህ፣ ካገገሙት መካከል አንዳንዶቹ የልብ ትርታ መፍጠን፣ ድካምና ጭንቀት ለወራት ይቆይባቸዋል። ቫይረሱ የልብ ጡንቻን ሊያስቆጣ ሲችል፣ የቆየ ጭንቀት ደግሞ እንቅልፍን ያውካል፤ የደም ግፊትንም ሊጨምር ይችላል።

በባሮ ወንዝ ዳርቻ በምትገኘው ጋምቤላ ከተማና በክልሉ ጉዳዩ የተለየ ጥንቃቄ ይሻል። በአካባቢው በስፋት የሚገኘው ወባ የሚያስከትለው የደም ማነስና ከፍተኛው ሙቀትም የልብን ምት ያፈጥናሉ። ስለሆነም ምልክቱን ያለ ምርመራ ከጭንቀት ብቻ ማያያዝ የልብ ሕመምን ሊሸፍን፣ ከወባ ብቻ ማያያዝም የአእምሮ ሕክምናን ሊያዘገይ ይችላል።

የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ያገገመ ሠራተኛ ወደ ሙሉ ሥራው ደረጃ በደረጃ እንዲመለስ ማመቻቸት ይገባቸዋል። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ያጋጠመው ግን ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።