በናሽቪል መሃል የቆመው «ካርናክ»

በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ በናሽቪል ከተማ እምብርት የሚገኘው ዳውንታውን ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን በሀገሪቱ ከቀሩት ጥቂት የግብፅ ስልት አብያተ ክርስቲያናት ትልቁና በይበልጥ የተሟላው ነው። ሕንፃው የቆመው ቸርች ስትሪት በዛሬ ስሙ የጆን ሉዊስ ጎዳና ከሚባለው አምስተኛ አቬኑ ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሰው የፈርዖኖች ቤተ መቅደስ ይመስለዋል፤ በዚያው ሰፈር የኖረ ሰው ግን ስለ ዓምዶቹ ከማውራቱ በፊት ቤቱ በየዘመኑ ማንን እንዳስጠጋ ይናገራል። የቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ በእነዚህ ሁለት አስተያየቶች መካከል ያለፈ ታሪክ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ማኅበረ ምእመናኑ የተመሠረተው በ1814 ሲሆን የመጀመሪያው ሕንፃ በዚሁ ቦታ በ1816 ተሠራ። ናሽቪል ያኔ በከምበርላንድ ወንዝ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ነበረች። ሰፊ አዳራሽ ስላልነበራት ቤተ ክርስቲያኑ የጸሎት ቤት ብቻ ሳይሆን የከተማው መሰብሰቢያም ሆነ። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጄኔራል አንድሩ ጃክሰን ከኒው ኦርሊንስ ድል በኋላ የክብር ሰይፍ የተበረከተለት በዚህ ቤት ደጅ ነው። ሕንፃው በ1832 ሲቃጠል በቦታው ሌላ ተተካ፤ በዚያኛው ውስጥ በ1839 ጄምስ ኬ. ፖልክ የግዛቱ ገዥ ሆኖ ቃለ መሐላ ፈጸመ። ሁለተኛው ሕንፃም በ1848 ተቃጠለ።

ሦስተኛውን፣ ዛሬ የሚታየውን ቤት እንዲነድፍ የተጠራው ዊልያም ስትሪክላንድ ነው። ይህ የፊላደልፊያ አርክቴክት ወደ ናሽቪል የመጣው በ1845፣ የቴነሲን የመንግሥት ምክር ቤት ሕንፃ ለመሥራት ነበር። በዘመኑ ዝናው የተገነባው የጥንት ግሪኮችን ስልት በመከተል ነው፤ ምክር ቤቱም በዚያው ስልት የተሠራ ነው። ለቤተ ክርስቲያኑ ግን ፊቱን ወደ ግብፅ አዞረ። ሥራው በ1849 ተጀምሮ በ1851 ተጠናቀቀ። ከፊት ለፊት ሁለት ግንቦች፣ በመሃላቸው ራሳቸው በአበባ ቅርጽ የተጌጠ ትልልቅ ዓምዶች፣ ከዓምዶቹ በላይ ደግሞ ክንፍ ያለው የፀሐይ ምስል ይታያል። ስትሪክላንድ የምክር ቤቱን ሥራ ፍጻሜ ሳያይ በ1854 ሞተ፤ የተቀበረውም በዚያው በምክር ቤቱ ሕንፃ ግድግዳ ውስጥ ነው።

የግብፅ ስልት ለአሜሪካውያን እንግዳ አልነበረም። ናፖሊዮን በ1798 ወደ ግብፅ ከዘመተና ተከታዮቹ ሊቃውንት የሀገሪቱን ሐውልቶች እየነደፉ ማሳተም ከጀመሩ በኋላ ስልቱ በአውሮፓም በአሜሪካም ተስፋፍቷል። ይሁን እንጂ ስልቱ የሚውልበት ቦታ የታወቀ ነበር፤ ግብፅ ከሞትና ከዘላለማዊነት ጋር ስለምትያያዝ የመቃብር ስፍራ በሮች፣ ግዙፍነቱ ስለሚያስፈራ ደግሞ እንደ ኒው ዮርኩ ያሉ ወህኒ ቤቶች በዚህ መልክ ተሠሩ። ለቤተ ክርስቲያን የመረጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በዘመኑ ስልቱን የሚነቅፉ ሰዎች የጣዖት አምላኪዎች ጥበብ ለክርስቲያን ቤት አይገባም ይሉ ነበር። የሚደግፉት ደግሞ ሙሴ ያደገው በግብፅ መሆኑን፣ የሰሎሞን ቤተ መቅደስም ከዚያው ዓለም ጥበብ ጋር እንደሚዛመድ ያስታውሱ ነበር። ስትሪክላንድ ራሱ ከዚህ ቀደም በፊላደልፊያ ለሚክቬ እስራኤል የአይሁድ ምኩራብ የግብፅ ጌጥ ተጠቅሟል።

ክርክሩ በፕሬስቢቴሪያኖች ቤት ሲነሣ የበለጠ ይከብዳል። ይህ የፕሮቴስታንት ወገን፣ በሽማግሌዎች ጉባኤ የሚተዳደርና የስብከትን ቃል ከሁሉ የሚያስቀድም፣ በቤቱ ውስጥ ሥዕልና ጌጥ እንዳይበዛ ለረጅም ዘመን የተጠነቀቀ ነው። በናሽቪል የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1880ዎቹ ሠዓሊዎች የውስጡን ግድግዳ በደማቅ ቀለም ሞልተው፣ ከመድረኩ ጀርባ ወደ ሩቅ የሚዘልቅ የዓምዶች አዳራሽ የሚመስል ሥዕል ሣሉበት፤ መስኮቶቹም በባለቀለም መስታወት ተጌጡ። ዛሬ ጎብኚን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ይህ ነው። ሕንፃው በግብፅ ባለው በጥንታዊው የካርናክ ቤተ መቅደስ ስም፣ በእንግሊዝኛ «የከምበርላንዱ ካርናክ» የሚል ቅጽል ያገኘውም በዚህ መልኩ ምክንያት ነው።

ጎረቤቱ የሚያውቀው ታሪክ ግን በሌላ በር ይገባል። በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ፣ በየካቲት 1862፣ የሰሜኑ ጦር ናሽቪልን ሲይዝ የከተማው ትልልቅ ቤቶች ሆስፒታል ሆኑ፤ ይህም ቤተ ክርስቲያን ከ200 በላይ አልጋ የያዘ የወታደሮች ሆስፒታል ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ባለጸጋዋ አዴሊሺያ አክለን ለግንቡ ደወል ሰጠች። የአክለን ሀብት ከመጀመሪያ ባልዋ፣ ከባሪያ ነጋዴው አይዛክ ፍራንክሊን፣ የወረሰችውና በብዙ መቶ ባሪያዎች ጉልበት የቆመ ነበር። ይህን ሳይናገሩ ደወሉን ማድነቅ የሰፈሩን ታሪክ ግማሹን መዝለል ነው። በ1920ዎቹ ወንዙ ሲሞላ ቤት ያጡ ሰዎች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በከተማው የሚያልፉ ወታደሮች እዚህ አደሩ። ከገና በፊት ለሕዝብ ክፍት የሚሆነው የዋፍል ግብዣም በ1920ዎቹ ተጀምሮ የከተማው ልማድ ሆኖ ቀርቷል።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1950ዎቹ ነው። መኪናና አዳዲስ መንገዶች ሀብታሙን ቤተሰብ ወደ ከተማ ዳር ሲያወጡ አብዛኛው ምእመን በ1955 ገደማ ወደ ደቡብ፣ ኦክ ሂል ወደሚባለው ሰፈር ተዛወረ፤ «ፈርስት ፕሬስቢቴሪያን» የሚለውን ስምም ይዞ ሄደ። ከመሃል ከተማ አንለቅም ያሉ ጥቂቶች ግን አሮጌውን ሕንፃ ገዝተው ዳውንታውን ፕሬስቢቴሪያን የተባለውን አዲስ ማኅበር አቋቋሙ። በዚያ ዘመን በብዙ የአሜሪካ ከተሞች እንዲህ ያለ ቦታ ተሽጦ ሕንፃው ሲፈርስ ነበር፤ በናሽቪል ያ ያልሆነው በእነዚህ ሰዎች ግትርነት ነው ማለት ይቻላል። ያኔ ያስጨነቃቸው የጥንት ቅርስ ጥበቃ ሕግ አልነበረም፤ ሕንፃው በብሔራዊ መዝገብ የገባው በ1970፣ ብሔራዊ ታሪካዊ ምልክት የተባለው ደግሞ በ1993 ነው።

የቀሩት ምእመናን ያልሸሹት ሰፈር በጥቂት ዓመት ውስጥ ታሪክ የሚሠራበት ሆነ። በየካቲት 1960 ጥቁር ተማሪዎች፣ ከእነሱም አንዱ ጆን ሉዊስ፣ በዚሁ ጎዳና በሚገኘው በዉልዎርዝና በሌሎቹ ሱቆች የምግብ ባንኮኒ ፊት ተቀምጠው ዘር የሚለየውን ልማድ ተቃወሙ። ሱቆቹ ለሁሉም ማስተናገድ የጀመሩት በግንቦት ነው። ጎዳናው በሉዊስ ስም የተጠራው በ2021 ነው።

ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ በቱሪስት በሚጥለቀለቅ ጎዳና ላይ ይገኛል፤ ዝነኛው ራይማን አዳራሽም በዚያው መስመር ነው። ጎብኚ ቀለሙንና ዓምዱን ለማየት ይገባል። ቤት የሌላቸው ሰዎች ደግሞ የሚመገቡት በዚህ ነው። በ2007 የተመሠረተውና ቤት የሌላቸው ወይም ቀድሞ ያልነበራቸው ሰዎች እያዞሩ የሚሸጡት «ዘ ኮንትሪቢዩተር» ጋዜጣም ሥራውን የሠራው ከዚህ ሕንፃ ነው። ባዶ የነበሩ ክፍሎች ለሠዓሊዎች መሥሪያ ተሰጥተዋል። ሕንፃውን በጥበብ መዝገብ ብቻ የሚመዝን ሰው የስትሪክላንድን ሥራ ያያል፤ ለ1955ቱ ጥቂቶች ግን ቤቱን ለማቆየት የሚያበቃ ምክንያት የሆነው ሰፈሩ ነው። ለዚህም ነው የውስጡ ሥዕልና የምግቡ አገልግሎት በአንድ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን የሚቀመጡት።