ጠመንጃ ለባለቤቱ ስለምን ያምራል?
ከወላይታ ታሪክ የተወሰደ አጭር ጥናት

መግቢያ

ጠመንጃ የመግደያ መሣሪያ መሆኑን የማያውቅ የለም። ይሁን እንጂ በአገራችን ጠመንጃ ያለው ሰው ስለ መሣሪያው ሲናገር ስለ መግደሉ ብቻ አይናገርም። ይወለውለዋል፤ በጨርቅ ልባስ ይሸፍነዋል፤ በሠርግና በለቅሶ ይዞት ይወጣል፤ ስሙን እየጠራ ይፎክርበታል። ስለ ውበቱ ቢጠየቅ የብረቱን ጥራት ወይም የእንጨቱን ቅርጽ ይጠቅስ ይሆናል። እኛ ግን ይህ የነገሩ ቅርፊት እንጂ ፍሬው አይመስለንም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው፣ የጠመንጃ ውበት ዋናው ምንጭ ጠመንጃው ለባለቤቱ የሚያስገኝለት ስም፣ መብትና ሀብት መሆኑን ነው። ለምሳሌ ወላይታን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያች አገር ከ1887 ዓ. ም. ጀምሮ አንዱ ጠመንጃ ለያዘው ሰው እጅግ ያማረ፣ አፈ ሙዙ ለዞረበት ሰው ደግሞ እጅግ የከፋ ሆኖ ታይቶአል።

1. የመሣሪያው መልክና ስም

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በሰፊው ከታወቁት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነው። ስሙ የመጣው «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው፤ ፉዚ ማለት ጠመንጃ ሲሆን ግራ የፈጠረው መኮንን ስም ነው። የፈረንሳይ ጦር ይህን መሣሪያ የተቀበለው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1874 ነበር። ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ ከ4 ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ፣ የአፈ ሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ሲሆን በአንድ ጊዜ የሚጐርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። ሳንጃው ረጅም ነው፤ እጀታውም ከእንጨትና ከናስ የተሠራ ነው። በብረቱ ላይ የፋብሪካው ስም በፈረንጅ ጽሕፈት ተቀርጾበታል።

ሌሎቹም እንዲሁ የሠሪዎቻቸውን ወይም የአገራቸውን ስም ይዘው ገቡ። ስናይደር ሰናድር፣ ማንሊኸር ምንሽር ተባለ፤ በኋላ ከቤልጅክ የመጣው ቤልጅግ ተባለ። ባለጠመንጃው የማያውቀውን የሩቅ ፋብሪካ ስም በአንደበቱ አለስልሶ የቤቱ ስም አደረገው። ስም የተሰጠው ነገር ደግሞ ዕቃ መሆኑ ይቀርና እንደ ባልንጀራ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ መልክና ስም ብቻውን ውበትን አያስረዳም። ታላላቅ መኳንንት ጠመንጃቸውን አሽከር ተሸክሞ እንዲከተላቸው ያደርጉ ነበርና፣ ጠመንጃው ከመተኰሱ በፊት ሥራው መታየት ነበረ ለማለት ይቻላል።

2. በአውሮፓ የተጣለ፣ በኢትዮጵያ የተወደደ

የፈረንሳይ ጦር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1886 ለቤል የተባለውን ጭስ የሌለው ባሩድ የሚተኵስ አዲስ ጠመንጃ ስለ ተቀበለ፣ ውጅግራ በአውሮፓ ያረጀ መሣሪያ ሆነ። በአገራችን ግን ዋጋው ከፍ ያለ ነበር። ባለቅኔው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ በ1879 ዓ. ም. እንጦጦ ድረስ አምጥቶ ለንጉሥ ምኒልክ የሸጠው ብዙ ጠመንጃ በአውሮፓ ጊዜው ያለፈበት ነበር። ከዚያ ቀደም በ1868 ዓ. ም. በጉንደትና በጉራዕ የግብፅ ጦር ድል ሲሆን ብዙ ረሚንግተን ተማርኮ በኢትዮጵያውያን እጅ ገብቶአል። ጥይትም በብዙ ቦታ እንደ ገንዘብ እየተቈጠረ ለመገበያያ ያገለግል ነበር። ስለዚህ ዝናር የታጠቀ ሰው መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ካዝናውንም በወገቡ ይዞ ይሄድ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ውበት በዕቃው ውስጥ ተቀብሮ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ፣ በአውሮፓ ግምጃ ቤት የተጣለው ጠመንጃ በሸዋ ባላማረ ነበር። ዕቃው አንድ ነው፤ የተለወጠው የሚያስገኘው ጥቅም ነው።

3. ወላይታ በ1887 ዓ. ም.

በወላይታ የታወቀው የጦር መሣሪያ ጦርና ጋሻ ነበር። ፈረሰኛውም ስመ ጥር ነበር። የጦሩን ብረት የሚሠሩት በወላይትኛ ወጋቺያ የሚባሉት ቀጥቃጮች ናቸው፤ እነርሱም ከሌላው ሕዝብ ጋር የማይጋቡ፣ የተናቁ ወገኖች ነበሩ። ተዋጊው ጦሩን ያከብራል፤ የጦሩን ሠሪ ግን ይንቃል። ጠመንጃ ይህን ችግር አያውቅም። ሠሪው ከባሕር ማዶ ስለሆነ ባለቤቱ ክብሩን ከማንም ጋር አይካፈልም። ለውበቱ አንዱ ምክንያት ይህ ርቀት ይመስለናል።

ቀደም ብለው የተላኩት ዘመቻዎች ስላልተሳኩ ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ. ም. ኅዳር ራሳቸው ወደ ወላይታ ዘመቱ። ከእርሳቸው ጋር የወሎው ራስ ሚካኤልና የጅማው አባ ጅፋር ነበሩ። የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና በጽኑ ተዋጉ፤ ነገር ግን በርቀት የሚገድለውን መሣሪያ ጦርና ጋሻ ሊቋቋመው አልቻለም። ካዎ ጦና ቈስለው ተማረኩና ወደ አዲስ አበባ ተወሰዱ። ዘመቻውን በዓይኑ ያየው ፈረንሳዊው የንግድ ወኪል ቫንደርሃይም ስለ ሟቾቹ፣ ስለ ምርኮኞቹና ስለተነዳው ከብት ብዛት በመጽሐፉ ጽፎአል።

4. ጠመንጃ እንደ መሬት ሰነድ

ነፍጥ ማለት ጠመንጃ ማለት ነው፤ ነፍጠኛ የሚለው ቃልም ከዚሁ ወጥቶአል። ከዘመቻው በኋላ በወላይታ የሰፈረው ወታደር በደመወዝ ፈንታ እንደ ማዕረጉ ገባር ተመደበለት። ገባሩ ያርስለታል፤ እህል ይፈጭለታል፤ እንጨት ይለቅምለታል፤ ቤቱን ይሠራለታል። እንግዲህ ይህ ወታደር ማታ ማታ ጠመንጃውን ሲወለውል የሚወለውለው ብረት ብቻ አልነበረም። እርሻውን፣ ጐተራውንና የልጆቹን ውርስ ጭምር ይወለውል ነበር። ጠመንጃው በእጁ እስካለ ድረስ ባለመብት ነው። ከግድግዳው ላይ የተሰቀለው መሣሪያ በዘመኑ ቋንቋ የመሬት ሰነድ ነበር ብንል የተጋነነ አይሆንም።

በዚያው ቤት ደጃፍ እህል አምጥቶ የቆመው ገባርም ያንኑ ጠመንጃ ያያል። ሰደፉ መለስለሱን፣ ናሱ ማብረቅረቁን ከባለቤቱ እኩል ያያል፤ ዓይኑ አልታወረም። ነገር ግን መወልወሉ ለእርሱ የሚነግረው መሣሪያው ዛሬም ለመተኰስ የተዘጋጀ መሆኑን ነው።

5. ዐድዋና ወላይታ

ነገሩን ይበልጥ ከባድ የሚያደርገው፣ ከወላይታ ዘመቻ እስከ ዐድዋ ድል ያለው ጊዜ አሥራ አምስት ወር ያህል ብቻ መሆኑ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ. ም. ራስ ሚካኤልም በዐድዋ ነበሩ። በወላይታ የጮኸው ጠመንጃና በዐድዋ የጮኸው ጠመንጃ ዓይነታቸው አንድ ነው፤ ከያዙአቸውም እጆች ብዙዎቹ አንድ ናቸው። ዐድዋ ላይ ጠመንጃው የአገር ነጻነት ሆነ፤ ለጥቁር ሕዝብም ሁሉ መመኪያ ሆነ። ወላይታ ላይ ግን የአንድ መንግሥት ፍጻሜና የገባርነት መጀመሪያ ነበር። ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚተርክ ሰው እውነቱን በከፊል ይተርካል። አንዱ ሌላውን ስለማይሰርዝ ሁለቱም በአንድነት መጻፍ አለባቸው እንላለን።

6. መደምደሚያ

የገባር ሥርዓት ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 እና በ1937 ዓ. ም. በወጡት የመሬት ግብር አዋጆች እየላላ ሄደ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ. ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ደግሞ ጠመንጃና መሬት ፈጽመው ተለያዩ። ዛሬ ጠመንጃ የሚያዘው በ2012 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 1177 መሠረት በፈቃድ ነው። ይሁን እንጂ መብቱ ካለቀ በኋላም ውበቱ ለጥቂት ትውልድ ይቈያል። አያቱ መሬት ያገኘበት ጠመንጃ ዛሬ ለልጅ ልጁ አንድ ጋሻ መሬት ባያስገኝለትም አሁንም ያምረዋል፤ ምክንያቱም ጥቅሙ ወደ ትዝታ ተለውጦአል።

ስለዚህ ስለ ጥንት መሣሪያ የምናጠና ተማሪዎች «ይህ ጠመንጃ ያምራልን?» ብለን መጠየቃችን አይበቃም፤ «ለማን ነው የሚያምረው?» ማለት ይገባናል። በወላይታ የባለጠመንጃው የልጅ ልጅም የገባሩ የልጅ ልጅም ጐረቤት ሆነው በዳሞታ ተራራ ሥር ይኖራሉ። የአንደኛው ቤት ፉከራ ሲመዘገብ የሌላኛው ቤት ዝምታም አብሮ ቢመዘገብ ታሪካችን የተሟላ ይሆናል።