ከጎንደር ወደ ገዳሪፍ፦ የበጋ ደን መንገድ

ጎንደርን በጭልጋና በመተማ አድርጎ በሱዳን ካሉት ከገላባት፣ ከገዳሪፍና ከስናር ጋር ያገናኝ የነበረው ጥንታዊ የሲራራ ንግድ መንገድ በዋነኛነት የሚያገለግለው በበጋ ነበር፤ ምክንያቱም በክረምት ወንዞች ስለሚሞሉ፣ ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ጭቃ ሆኖ እግርን ስለሚይዝና ንዳድ (ወባ) ስለሚበረታ ጉዞው ይቋረጥ ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም ጎንደርን ለቅቆ በዚሁ ቆላ በኩል ወደ ስናር የወረደው እ.ኤ.አ. በ1771 መጨረሻ፣ ማለትም በበጋው ወራት ነው።

መንገደኛው ከደጋው ቁልቁል ሲወርድ ግራሩን፣ ሽመሉንና ዕጣን የሚሰጠውን ዋልያ መቄርን እያቋረጠ፣ የፀሐዩን ሐሩር ለማምለጥ በማለዳ ተነሥቶ ቀትር ላይ በወንዝ ዳር ጥላ ያርፍ ነበር። ገደላማውን ዳገት በቅሎና አህያ፣ ሜዳማውን የገዳሪፍ ምድር ደግሞ ግመል ስለሚችለው፣ ለንግድ የሚጓዘው ቡናና ሰም በድንበሩ ገበያ ከአንዱ ጀርባ ወደ ሌላው ይዛወር ነበር።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከሱዳን ኃይል ጋር በተደረገው ጦርነት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ለሞት ያበቃቸው ቁስል ደረሰባቸው፤ የድንበሩ ንግድም በዚያ ዘመን ጦርነት ክፉኛ ተጎዳ። ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በገዳሪፍ የተስፋፋው የትራክተር እርሻ፣ በኋላም በመተማ በኩል የሰፋው የሰሊጥ እርሻ መንገዱ ያቋርጠው የነበረውን ደን አመናምኖታል። ስለዚህ የቀረውን የዕጣን ደን መጠበቅ ተፈጥሮን ብቻ ሳይሆን የኢትዮጵያንና የሱዳንን ሕዝቦች የጋራ ታሪክም መጠበቅ ነው።