የጠባቂ ስሜት መጥፋት

የስኳር ሕመምተኛ እግር ለምን እንደሚቆስል ሲጠየቅ ብዙዎቻችን «ስኳሩ ከፍ ብሎበት ነው» ብለን እናልፈዋለን። ስኳሩ ግን ቆዳ አይሰነጥቅም። በመካከል አንድ ነገር ይፈጠራል፤ ሐኪሞች «ሎስ ኦፍ ፕሮቴክቲቭ ሴንሴሽን» ይሉታል። እኛ «የጠባቂ ስሜት መጥፋት» ብለነዋል። «መከላከያ» ብንለው ኖሮ አንባቢ የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ያስብ ነበር፤ እዚህ የሚጠፋው የሕመም ስሜት ነው።

ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ የደም ስኳር ነርቮችን ይጎዳል። ረጃጅሞቹ ቀድመው ስለሚጠቁ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእግር ጣቶች ይነሣል። አንዳንዱን ሰው ያቃጥለዋል፣ ይወርረዋል፣ ያደነዝዘዋል። ሌላው ምንም አይሰማውም፤ እጅግ የሚያሰጋኝም እሱ ነው። ጫማው ውስጥ የገባ ጠጠር ቀኑን ሙሉ ቢወጋው አያነክስም። አዲስ ጫማ ቢልጠው አያወልቀውም። በብርድ እግሩን ወደ ከሰል ምድጃ ቢያስጠጋ መቃጠሉን የሚያውቀው ቆዳው ውኃ ቋጥሮ ሲያየው ነው።

ሕክምናው ይህን በሚገባ የተማረው ከሥጋ ደዌ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ፖል ብራንድ በደቡብ ሕንድ ቬሎር ሲሠራ፣ የሕሙማኑ እጅና እግር በአመዛኙ የሚጎዳው ሕመም ስለማይሰማቸውና ራሳቸውን ስለማይጠብቁ መሆኑን አሳየ። በኋላ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ በካርቪል ሲሠራ ያንኑ ዕውቀት ለስኳር ሕሙማን እግር አዋለው።

ምርመራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። በጤና ተቋም ውስጥ እግርን 10 ግራም ኃይል ሲያርፍበት በሚጎብጥ የናይለን ክር እየነኩ ታማሚው ይሰማው እንደሆነ ይጠይቃሉ። ለቤት የሚሆን ደግሞ እንግሊዝ አገር፣ ኢፕስዊች የተጀመረ ዘዴ አለ። ታማሚው ዓይኑን ይጨፍናል፤ ልጁ ወይም የትዳር ጓደኛው የሁለቱንም እግሮች አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት ጫፋቸውን ለ1 ወይም 2 ሰከንድ በቀስታ ይነካለታል፤ መጫንም መቆንጠጥም የለም። ከስድስቱ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰሙት ጠባቂ ስሜቱ ጠፍቷል ተብሎ ስለሚታሰብ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይታይ።

በዚህ ላይ ሌሎች ነገሮች ሲደረቡ አደጋው ይከፋል። የእግር ደም ሥሮች መጥበብ፣ በተለይ ሲጋራ ለሚያጨስ፣ የቆሰለው እንዳይሽር ያደርጋል። የጎበጡ ጣቶችና የጠነከረ ቆዳ ጫናውን አንድ ቦታ ላይ ያከማቻሉ። የኩላሊት ድካምም አለበት፤ የዓይን ድካምም እንዲሁ። ከሁሉ የሚከብደው ግን ቀድሞ መቁሰል ነው፦ ቁስላቸው ከዳነ ሰዎች 40 በመቶ ያህሉ በ1 ዓመት ውስጥ ዳግመኛ ይቆስላሉ። ስለዚህ ስሜቱም የደም ዝውውሩም ደህና የሆነ ሰው እግሩን በዓመት አንዴ ቢታይ ሲበቃው፣ ስሜቱ የጠፋና ከዚህ በፊት የቆሰለ ሰው በየ1 እስከ 3 ወሩ እንዲታይ ይመከራል። «ድኗል» ተብሎ የተሸኘውን ሰው ቤተሰቡ ቀጠሮውን እያስታወሰ ቢልከው እግሩን ሊያተርፍለት ይችላል።

ስሜቱ የጠፋ ሰው ቤት ውስጥም ቢሆን በባዶ እግሩ አይሂድ። ጫማ ከማጥለቁ በፊት ውስጡን በእጁ ይዳብስ። ማታ ማታ ውስጥ እግሩንና በጣቶቹ መካከል ይመልከት፤ ዓይኑ ከደከመ ሌላ ሰው ይይለት።